ልጄን ዲስከቨሪ ፊት አጠባሁ፦ የኡድቫር-ሃዚ ሙዚየም ውሏችን

እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ከቤት የወጣነው ለሐኪም ቀጠሮና ለቤተክርስቲያን ብቻ ነበር። ልጄ ሚጡ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። አራት ወር ሞላት። አንድ ማታ እማዬ የገንፎውን ድስት እያጠበች «እኔ እኮ አሜሪካን ያየሁት በመስኮት ነው» አለችኝ። አሳዘነችኝ። ሱቅ ለሱቅ መዞር እንደማትወድ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ራሴ ከድሮ ጀምሮ የምወደውን ቦታ መረጥኩላት።

ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ ሻንቲሊ ነው፤ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ። የስሚዝሶኒያን የአየርና የህዋ ሙዚየም ሁለተኛ ቤት ነው። ስቲቨን ኤፍ. ኡድቫር-ሃዚ ማዕከል ይባላል። ዲሲ መሃል ከተማ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሻንቲሊውን ግን ብዙ ሐበሻ ዘመድ ሊቀበል ወደ ኤርፖርት ሲጣደፍ በጎኑ ያልፈዋል። እኔም አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልፌዋለሁ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። መግቢያው ነፃ ነው። መኪና ማቆሚያው 15 ዶላር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለሚገባ ግን አይከፈልም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11፡30 ክፍት ነው። በዓመት የሚዘጋው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የፈረንጅ ገና ዕለት። ወለሉ ሜዳ ስለሆነ የልጅ ጋሪ እንደ ልብ ይገፋል። ትልቅ የአውሮፕላን ጋራዥ ስለሆነ ለልጅም ለአሮጊትም ሹራብ ያዙ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ አትቸኩሉ። እኛ በየመቀመጫው እያረፍን አራት ሰዓት ያህል ቆይተናል። አልበዛብንም።

ይሄን ያህል ለመንገዱ ይበቃል። እኔ በዋናነት ልጽፍ የፈለግኩት እዚያ ቆሜ ስላሰብኩት ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ስራዬን ልንገራችሁ። የኤክስሬይ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ጨረር ባለበት ክፍል የምንሰራ ሰዎች አንገታችን ስር ትንሽ ባጅ እናደርጋለን። ሰውነታችን የተቀበለውን ጨረር የምትመዘግብ ናት። አንዲት ሰራተኛ ስታረግዝ፣ ፈቃዷ ከሆነ በጽሑፍ ታሳውቃለች። ያኔ ሁለተኛ ባጅ ይሰጣታል። እሷን ሆዷ ላይ፣ ከእርሳሱ ሽርጥ ስር ታደርጋታለች። ያቺ ባጅ የእናትየዋ አይደለችም። የፅንሱ ናት። እዚህ አሜሪካ ህጉ ለፅንሱ የሚፈቅደው በጠቅላላው የእርግዝና ጊዜ 5 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሚሊሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ አይቻልም።

የኔ ሁለተኛ ባጅ ለመምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የምሰራበትን ቦታ ስም አልጠራም። ያ ጊዜ ደግሞ ዘጠነኛ ሳምንቴ ላይ ነበር። ፍሎሮስኮፒ ክፍል፣ ኤክስሬዩ እንደ ቪዲዮ በቀጥታ የሚታይበት፣ አልገባም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ። አልገባሁምም። ባጇ ከመጣች በኋላ በየወሩ ወረቀቱን የማነበው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። በብዙው ወር የሚወጣው «ኤም» የምትል ፊደል ናት። መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም። ከሚጡ የአልትራሳውንድ ፎቶ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አሉ።

እርጉዝ እያለሁ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ስለ ህዋ አነብ ነበር። ኢሎን መስክ ማርስ ላይ አንድ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ እንዲሠራ እፈልጋለሁ ይላል። ስለ ሮኬቱ ነዳጅ ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሃው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ድንቹ ተጽፏል። ከተማ ከተባለ ግን ልጅ ይወለድበታል። ልጅ ከተወለደ ያረገዘች፣ ያማጠች፣ ያጠባች ሴት አለች። እሷን ፍለጋ ብዙ ገጽ ማገላበጥ ነበረብኝ። ሙዚየሙን ያየሁት በዚህ ዓይን ነው።

በዋናው በር እንደገባችሁ ፊት ለፊት የምታዩት ጥቁሩን የስለላ አውሮፕላን፣ ኤስአር-71ን ነው። ከሱ ጀርባ፣ በሌላኛው አዳራሽ፣ ዲስከቨሪ የተባለው የናሳ የህዋ መንኮራኩር አፍንጫ ይታያል። እኔ ግን ከሁለቱ በፊት የሄድኩት ወደ ኢኖላ ጌይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ይሄ ነው። ሙሉው አካሉ፣ ታድሶ፣ እያብረቀረቀ ቆሟል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

እማዬ «ይሄ ያ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አማተበች። ጋሪውን ወደ ራሷ ሳበችው።

እኔ እዚያ ስቆም ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው የሚመጣብኝ። ጨረር ፅንስን ምን እንደሚያደርግ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ነው። ያን ዕለት በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ልጆች ለብዙ ዓመታት ተጠንተዋል። አንጎላቸው በጣም የተጎዳው ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ውስጥ የነበሩት ናቸው። እኔ በዘጠነኛ ሳምንቴ ከአለቃዬ ጋር የተጨቃጨቅኩት ይህን አውቄ ነው። ልጄን የጠበቀላት እውቀት የመጣው ከነዚያ ልጆች ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ «እናቶቻቸው ነፍሳቸው ይማር» አለች።

ከዚያ ወደ ህዋው አዳራሽ ገባን።

ዲስከቨሪን በፎቶ ያየ ሰው አላየውም። 37 ሜትር ርዝመት አለው። ነጭና ጥቁር ነው፤ ግን ነጩ ነጭ አይደለም። ተቃጥሏል፣ ጠቁሯል፣ ተላልጧል። ከህዋ ሲመለስ እሳት የነካው ገላው እንዳለ ነው የተቀመጠው። አልቀቡትም፣ አላሳመሩትም። ይህን በጣም ወደድኩት። 39 ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ህዋ ላይ የቆየበት ቀን ሲደመር 365 ነው። ልክ አንድ ዓመት። እዚህ የገባው በኤፕሪል 2012 ነው፤ ቦይንግ 747 ጀርባ ላይ ታዝሎ ደለስ አረፈ። «ታዝሎ?» አለች እማዬ። አዎ፣ ልክ እንደ ልጅ ታዝሎ።

ከሌሎቹ መንኮራኩሮች ይልቅ ዲስከቨሪ ለኔ ልዩ የሆነው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። አና ፊሸር ትባላለች። ሐኪም ናት። ናሳ በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ሴቶችን ለጠፈርተኝነት ሲመርጥ አንዷ ነበረች። ለበረራ የተመደበችው ልጇን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው። በጁላይ 1983 ሴት ልጅ ወለደች። በኖቬምበር 1984 በዲስከቨሪ ወጣች፤ ለመንኮራኩሩ ሁለተኛ በረራው ነበር። ልጇ ያኔ 15 ወሯ ነው። ህዋ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ እናት እሷ ናት። ያን ጊዜ መንገድ ስተው የቀሩ ሁለት ሳተላይቶች ነበሩ። እሷ የመንኮራኩሩን ረጅም የብረት ክንድ እየነዳች፣ ጓደኞቿም ውጭ ወጥተው፣ ሁለቱንም ይዘው ወደ ምድር ተመለሱ። ባሏም ጠፈርተኛ ነበር። በዓመቱ እሱም በዚሁ በዲስከቨሪ ወጣ።

ይህን ለእማዬ በዝርዝር ነገርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሳተላይቱ ይጠይቅ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ህፃኗን ማን ያዘላት?»

ሚጡ ይሄኔ ተነጫነጨች። ዲስከቨሪ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና በእማዬ ነጠላ ተከልዬ አጠባኋት። እየጠባች ያንን የተቃጠለ አፍንጫ አያለሁ። እንደዚያ ዓይነት ሰላም ከወለድኩ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ ለቦታው አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ።

ግን አና ፊሸር የወለደችው ምድር ላይ ነው። ከሷ በፊት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫም እንዲሁ። በ1963 ህዋ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በዓመቱ ደግሞ ጤነኛ ሴት ልጅ ወለደች። አባትየውም የህዋ ሰው ነበር። ከምድር ውጭ ያረገዘች ወይም የወለደች ሴት ግን እስከ ዛሬ የለችም። ናሳ እርጉዝ ሴትን አያበርም።

የበረሩት እርጉዞች አይጦች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ደግሞ አንዳንዶቹ የበረሩት በዚሁ በዲስከቨሪ ነው። ጁላይ 1995 ነው። በረራው ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነበር። ምክንያቱ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ወፏ። የነዳጁ ታንክ በስፖንጅ መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። ግንደ ቆርቁሮች ጎጆ ሊሠሩ ብለው ወደ 200 ጉድጓድ ቆፈሩበት። ማስጠገን ግድ ሆነ። እርጉዞቹ የሚሄዱበት መንኮራኩር የዘገየው ለጫጩቶቿ ቤት በምትፈልግ ወፍ ምክንያት መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

አይጦቹ የወጡት በእርግዝናቸው አጋማሽ ነው። የተመለሱት ለመውለድ ሁለት ቀን ያህል ሲቀራቸው ነው። ከዚያ በፊት በ1994 አትላንቲስ በተባለው ሌላ መንኮራኩርም ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። ወለዱ። ልጆቹ በህይወት ተወለዱ። ግን ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ምጥ ላይ የእናቶቹ ሰውነት ምድር ላይ ከቀሩት እጥፍ ያህል ጊዜ ነበር የሚኮማተረው። ክብደት በሌለበት የቆየ ጡንቻ ይላላል። ለመግፋት ብዙ መልፋት ነበረባቸው። ሁለተኛ፣ ግልገሎቹ ውሃ ውስጥ በጀርባቸው ሲለቀቁ መገልበጥ አቃታቸው። ላይና ታች ጠፋባቸው። ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ነገር አለ። እሱ ማህፀን ውስጥ ሲሠራ ስበት ይፈልጋል። ደግነቱ በጥቂት ቀን አስተካክለውታል።

ከነሱ ሁሉ ያሳዘነኝ ግን የ1996ቱ ነው። ምድር ላይ የተወለዱ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ጋር ኢንዴቨር በተባለው መንኮራኩር ላኩ። በ15 ቀናቸው የሄዱት ተረፉ። በ5 ቀናቸው የሄዱት አብዛኞቹ አልተረፉም። ምድር ላይ እናት አይጥ ልጆቿን ጎጆ ውስጥ ሰብስባ ትተኛባቸዋለች፤ ይሞቃሉ፣ ይጠባሉ። እዚያ ግን ጎጆ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ይንሳፈፋል። ሰብስባ ልትይዛቸው አትችልም።

ይህን ያነበብኩት ሚጡ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ስልኩን አስቀመጥኩና ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ክብደቷ ደስ አለኝ። ልጅ ደረት ላይ የሚተኛው ምድር ስለምትስበው ነው።

ማርስ ላይ እንደዚያ አይንሳፈፍም፤ ስበት አለ። የምድርን 38 በመቶ ነው። ጨረቃ ላይ ስድስት እጅ ያንሳል። ሚጡ አሁን 6.4 ኪሎ ናት። ማርስ ላይ ብታዘል የ2.4 ኪሎ ያህል ትከብዳለች። ለአዛዩ ይቀላል። ግን ልጅ አንገቱን የሚያጠናው ከክብደቱ ጋር እየታገለ ነው። ሚጡን በሆዷ ሳስተኛት ራሷን ለማንሳት ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። ያ ትግል ነው አጥንቷንና ጡንቻዋን የሚሠራው። የእናትየው አጥንት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ክብደት በሌለበት የሚኖሩ ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከአንድ በመቶ በላይ ያጣሉ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ስፖርት የሚሰሩት ለዚህ ነው። የምታጠባ ሴት ደግሞ ምድር ላይ እንኳ ካልሲየሟን ከአጥንቷ አውጥታ ለልጇ ትሰጣለች፤ ጡት ስታስጥል ይመለስላታል። ሁለቱን አንድ ሴት ላይ ደርቡት።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። ደብቄ አላልፈውም። የጃፓን ሳይንቲስቶች የደረቀ የአይጥ ዘር ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ላይ ለስድስት ዓመት ያህል አስቀምጠው፣ ምድር መልሰው 168 ጤነኛ ግልገሎች አስወልደውበታል። በ2021 ደግሞ ሁለት ህዋስ ብቻ የሆኑ የአይጥ ፅንሶችን እዚያው ጣቢያ ላይ ለአራት ቀን አሳደጉ፤ በደንብ ተከፋፍለው አደጉ። መጀመሪያው ይቻላል ማለት ነው። ግን ከአራት ቀን እስከ ዘጠኝ ወር ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ባጇ ልመለስ፤ ይሄ የኔ ሙያ ነው።

ኪዩሪዮሲቲ የምትባለው ሮቦት በ2012 ማርስ ላይ ካረፈች ጀምሮ ጨረር ስትለካ ቆይታለች። መሬቱ ላይ በቀን 0.64 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ለፅንስ የተፈቀደው 5 ነው ብያችኋለሁ። አካፍሉት። ስምንት ቀን አይሞላም። ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ የዘጠኝ ወሩ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ዘጠኙን ወር ሙሉ መሬቱ ላይ ብትኖር ወደ 180 ይደርሳል፤ 36 እጥፍ። ጨረቃ ይብሳል። የቻይናዋ መንኮራኩር ቻንግ-ኧ 4 በ2019 አርፋ የለካችው በቀን 1.37 ነው። አራት ቀን አይሞላም። መንገዱን ሳልቆጥር ነው ይሄ። ወደ ማርስ ስትሄድ መንኮራኩሯ ውስጥ የተለካው በቀን 1.8 ነበር።

ሰው «ታዲያ የእርሳስ ሽርጥሽን ትልበሳ» ይለኛል። አይሰራም። የኔ ሽርጥ ኤክስሬይን ያቆማል። ከህዋ የሚመጣው ሌላ ነው፤ እንደ ብረት ያሉ ከባድ አተሞች ጭምር በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ይመጣሉ። እርሳሱን ሲመቱት ይበታተኑና ሌላ ጨረር ይፈጥራሉ። እዚያ የሚሻለው ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው፤ ውሃና ፕላስቲክ። በ2022 ሰው ያልተሳፈረባት የናሳ መንኮራኩር፣ አርቴሚስ 1፣ ጨረቃን ዞራ ስትመለስ ሁለት የሴት አሻንጉሊቶች ነበሩባት፤ ሄልጋና ዞሃር። ዞሃር እስራኤል ውስጥ የተሠራ የፕላስቲክ ሰደርያ ለብሳ ነበር፤ ሄልጋ አልለበሰችም። ልዩነቱን ለመለካት ነው። የሴት ገላ መምረጣቸው ደስ አሰኝቶኛል። የሴት ጡትና እንቁላል ማፍሪያ ለጨረር ስስ ናቸው። ከአሻንጉሊቶቹ አንዷን ግን እርጉዝ አድርገው እንዲልኩልኝ እመኛለሁ።

ዋናው መፍትሔ የሚሉት አፈር ነው። ቤቱን መሬት ቆፍሮ መቅበር። ሁለት ሦስት ሜትር አፈር ከላይ ከተደረገ ጨረሩ በጣም ይቀንሳል። ይሄ እውነት ነው፤ እኔም የምቀበለው ነው። ግን የእናትን ኑሮ አስቡት። ዘጠኝ ወር ከመሬት በታች። ከዚያ ልጁን ይዛ ከመሬት በታች። እኔ አራት ወር አፓርታማ ውስጥ ተቀምጬ እማዬ እንኳ ጨንቋታል። ልጅ ፀሐይ ይሙቅ ተብሎ ነው ያደግነው። ሚጡን ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እማዬ ቅባት ቀብታ ታሻታለች።

የሕክምናውን ነገር ረጅም አላደርገውም፤ ግልጽ ነው። እኔ ሚጡን በኦፕሬሽን ነው የወለድኳት። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ ቆጥሬያለሁ፤ ዘጠኝ ናቸው። ደም የተዘጋጀው ከሌላ ፎቅ ነው። ማርስ ላይ ያለች ሐኪም ምድር ያለውን ስፔሻሊስት ልጠይቅ ብትል ድምጿ ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። መልሱም እንዲሁ። ደም ለሚፈስሳት እናት ያ ጊዜ የለም።

በ1977 መጨረሻ አርጀንቲና አንዲት የሰባት ወር እርጉዝ ወደ አንታርክቲካ ጣቢያዋ ወሰደች። ልጁ ኤሚሊዮ ፓልማ ይባላል፤ በዚያ አህጉር የተወለደ የመጀመሪያው ሰው ነው። በጃንዋሪ 1978 በሰላም ተወለደ። አርጀንቲና ያን ያደረገችው መሬቱ የኔ ነው ለማለት ነው። ስለ ህዋ ሰፈራ ሳስብ ይሄ ያስፈራኛል። የሴት ማህፀን ባንዲራ መትከያ እንዳይሆን። አንታርክቲካ ላይ ግን አየር አለ፣ ስበት አለ፣ አውሮፕላን ይደርሳል።

አውሮፕላን ካልኩ ስለ ማማው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የወጣነው እዚያ ነው፤ መጨረሻ የምጽፈው ግን ከልቤ ስላልወጣ ነው። ሙዚየሙ ደለስ ኤርፖርት ላይ የሚነሱና የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታዩበት ማማ አለው። በሊፍት ትወጣላችሁ፤ ዙሪያው መስታወት ነው። ልጅ ያላችሁ ይህን እንዳታልፉት።

እማዬ መስታወቱ ላይ ተጠግታ አንዱን አንዱን ታያለች። ሚጡን በአንቀልባ አዝላታለች፤ ጋሪ ላይ እሺ አላለቻትም። ድንገት እጄን ያዘችኝ። ጅራቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ።

«ያመጣኝ እሱ ነው» አለች።

የሚጡን ልደት አስታወስኩ። ቀኔ ሳይደርስ ነው ወደ ሆስፒታል የገባሁት። ባለቤቴ ለእማዬ ደወለላት። ቪዛዋ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ተሳፈረች። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ እሷ ቤት ውስጥ ገንፎ እያገነፋች ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ በሶና የአጥሚት እህል ነበር፤ የቤተሰቡ ቅቤም በሦስት ላስቲክ ታስሮ። እንቅልፍ የተኛሁት እሷ ስለመጣች ነው። ጡቴ ተሰነጣጥቆ ሳለቅስ ምን እንደማደርግ ያሳየችኝ እሷ ናት። ልጄን ለማጠብ ስፈራ እጇን ከእጄ ስር አስገብታ ያስለመደችኝ እሷ ናት።

ከምድር ወደ ማርስ መንገዱ የሚመቸው በ26 ወር አንዴ ነው። ያኔም ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ወር ጉዞ ነው። እናት ልጇ ማርገዟን ሰምታ በዚያው ዕለት ብትነሳ እንኳ ለወሊዱ መድረሷ ያጠራጥራል፤ መንገዱ እስኪመች መጠበቅ ካለባት ደግሞ ልጁ ቆሞ ሲሄድ ልትደርስ ትችላለች። ይህን እዚያ መስታወት ጋ ቆሜ ለእማዬ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ።

«እኔ አንቺን የወለድኩሽ መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው» አለችኝ። «ፋኖስ ይዛ የቆመችው ጎረቤቴ ናት። ውሃ ያፈላችው ሌላዋ ናት። መብራት ቢጠፋም ሰው አልጠፋም። እነዚህ ሰዎች ልጅቷን እዚያ ሲወስዷት ማንን አብረው ይልኩላታል?»

መልስ አልነበረኝም። ሰፈራ የሚያቅዱ ሰዎች መጀመሪያ ለዚህ መልስ ቢያዘጋጁ እወዳለሁ። ከኢንጂነሮቹ እኩል አዋላጅ ይጥሩ። ያጠባች ሴት ይጥሩ። እንደ እማዬ ያለችውን አያት ቁጭ አድርገው ይጠይቋት።

አውሮፕላኑ ተነሳ። እማዬ ደመና ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየችው። ሚጡ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር፤ አልሰማችውም።

የእማዬ መመለሻ በሚቀጥለው ወር ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ደግመን እንሄዳለን፤ ያኔ ማቆሚያውም ነፃ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩልም ለዲስከቨሪ ይበቃል። ስሙን መያዝ አቅቷታል። «የአራሷን መርከብ አንዴ ልየው» ነው የምትለኝ።